ከፎልደር በፊት ኳንተም

«የዛሬ ልጅ ኮምፒውተር አቅፎ ነው የሚወለደው» አሉኝ አንድ ትልቅ ሰው።

«ይሆናል ጋሼ፤ ፓስወርዱን ግን እናቱ ሆድ ውስጥ ረስቶት ነው የወጣው» አልኳቸው።

ሳቁ። በተረብ የሳቀ ግማሹን ተሸንፏል፤ የቀረውን ግማሽ ልጨርስላቸው ብዬ ይኸው ብዕር አነሣሁ።

አስቀድሜ ልናገር። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ማውስ ጨብጦ በማያውቅ ልጅ ላይ ለመሳቅ የመጣችሁ ካላችሁ በሩ ክፍት ነው። «ዊንዶው ክፈት ቢሉት ተነሥቶ መስኮቱን ከፈተ» የምትለዋ ቀልድ ጡረታ ወጥታለች፤ አበሏ ይከፈላትና ትረፍበት። ዛሬ የምንተርበው ማውስ ሳያስጨብጡት ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የፈተኑትን ነው።

የአንደኛ ዓመትን የትምህርት ዝርዝር አውጡልኝ እስቲ። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ተማሪ የመጀመሪያውን ዓመት የጋራ ትምህርት ነው የሚማረው። ከእነዚያ አንዱ «ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂ» ይባላል። ሞጁሉ ሲገለጥ አንደኛው ምዕራፍ መግቢያ ነው፤ መግቢያ የማይኖረው የለምና ይለፍ። ሁለተኛው ዳታ ሳይንስ። ሦስተኛው ሰው ሠራሽ አስተውሎት። አራተኛው ኢንተርኔት ኦፍ ቲንግስ። አምስተኛው ኦግመንትድ ሪያሊቲ። ስድስተኛው የሙያ ሥነ ምግባር። ሰባተኛው ከዚያ የተረፈውን ሁሉ ጠራርጎ ይዟል፦ ናኖቴክኖሎጂ፣ ባዮቴክኖሎጂ፣ ብሎክቼይን፣ ክላውድ፣ ኳንተም ኮምፒውቲንግ፣ ሳይበር ደኅንነት። እኔ ስፈልግ የነበረው «ፋይል የት ይቀመጣል? ተመልሶስ እንዴት ይገኛል?» የምትል አንዲት ገጽ ነበረች። ኳንተም አለ፤ ፎልደር የለም።

ከዚያ ተማሪው ወደ ኮምፒውተር ላብ ይገባል።

«ቢግ ዳታ ምንድን ነው?» ይላል መምህሩ።

«ከመጠኑ ብዛት፣ ከፍጥነቱና ከዓይነቱ መለያየት የተነሣ በተለመደው መሣሪያ ሊሠራበት የማይቻል የመረጃ ክምችት ነው!» ተማሪው አልተነፈሰም።

«ጎበዝ! አሳይንመንትህስ የታለ?»

«ኮምፒውተሩ ውስጥ።»

«ኮምፒውተሩ ውስጥ የት?»

«ቲቸር፣ ውስጡ ደግሞ ሌላ ውስጥ አለው እንዴ?»

አትሳቁ ብያለሁ። ይህቺ ጥያቄ ከሰባቱም ምዕራፍ ትበልጣለች። ልጁ ሳያውቀው የጠየቀው ትምህርቱ መጀመር የነበረበትን ቦታ ነው፤ ሞጁሉ ደግሞ በዚያ በኩል አላለፈም።

«ዓለም እየሮጠ ነው፤ ከማውስ ብንጀምር ወደ ኋላ እንቀራለን» ይላሉ የሥርዓተ ትምህርት ሰዎች።

«ወደ ኋላ ላለመቅረት ብላችሁ ነዋ ልጁን ያለ ማውስ ወደ ፊት የወረወራችሁት!»

«ተማሪው የሚመጣውን ዘመን ማወቅ አለበት።»

«ይወቅ። የሚመጣው ዘመን ሲመጣ ግን ‹ሲቪህን በኢሜይል ላክልኝ› ነው የሚለው።»

ለትምህርቱ ፍርድ እንስጠው፤ ክፉ ትምህርት አይደለም። የገበሬ ልጅ ስለ ብሎክቼይን ቢሰማ ምን ይጎዳዋል? የሚያንገበግበኝ ቅደም ተከተሉ ነው። ያንን ሞጁል ከዳር እስከ ዳር አንብቦ፣ ወረቀት ላይ ተፈትኖ፣ ኤ አምጥቶ፣ አንዲት ቁልፍ ሳይነኩ ማለፍ ይቻላል። ለነገሩ ልማዳችን ነው። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ፕላዝማ ሲገባላቸው የተማራችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ትምህርቱ ተቀርጾ በሳተላይት ይመጣል፣ ተማሪው የመጀመሪያውን መስመር ሳይገለብጥ ስክሪኑ ሦስተኛው ላይ ነው። «መልሱን አገኛችሁት?» ይላል ስክሪኑ። ክፍሉ ጭጭ። «በጣም ጥሩ!» ይላል ስክሪኑ። ያንን «በጣም ጥሩ» የሰሙት ልጆች ዛሬ አድገው መምህራን ሆነዋል።

«ስልክ ላይ ግን አንበሳ ናቸው» አሉኝ ትልቁ ሰው፣ ወንበራቸው ላይ እየተመቻቹ።

እዚህ ላይ እውነታቸውን ነው። የተማሪው አውራ ጣት ቲክቶክ ላይ ስትወጣና ስትወርድ ዓይን አይከተላትም። ስልክ ግን ፋይሉን የት እንዳኖረችው አትናገርም፤ እንዳትጠየቅም ተደርጋ ነው የተሠራችው። ፎቶው ጋለሪ ውስጥ ነው፣ ዘፈኑ ማጫወቻው ውስጥ ነው፣ የቀረው ዓለም በሙሉ ቴሌግራም ውስጥ ነው። የአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች እውነተኛ መዝገብ ቤት ማን ሆነና? ሀንዳውቱ፣ የዓምናው ፈተና፣ የክፍል ተወካዩ ማስታወቂያ፣ የዶርም ምደባው ሁሉም እዚያው ነው፤ ከ«እንኳን አደረሳችሁ» ስቲከር ሥር ተቀብሯል።

«ፋይሉን ላክልኝ።»

«ልኬልሃለሁ።»

«የታለ?»

«ወደ ላይ ውጣ።»

«እስከ የት?»

«እስከ ጥቅምት።»

ይህንን ሳወራ አንድ የአሜሪካ ዘመዴ በስልክ ጣልቃ ገባ። «አይ የእናንተ ነገር! እዚህ ቢሆን እኮ የሰባት ዓመት ሕፃን...» ሊል ሲል፣ «ቆይ አንተ!» አልኩት። «በ2021 እ.ኤ.አ. ‹ዘ ቨርጅ› የተባለው የእናንተው ድረ ገጽ የጻፈውን አላነበብክም? የሳይንስና የምህንድስና ተማሪዎች ፎልደር ውስጥ ፎልደር ይኖራል ሲባሉ ግራ ገባቸው ብለው ፕሮፌሰሮቻችሁ አምርረው ተናግረዋል። ልጆቻችሁ የፋይሉን ስም ጽፈው መፈለግ እንጂ ማስቀመጥ አልለመዱም።» ዝም አለ። ማርክ ፕሬንስኪ የሚባል አሜሪካዊ ነው በ2001 እ.ኤ.አ. ይህንን ትውልድ «ዲጂታል ተወላጅ» ብሎ የሰየመው። ስሙ ወጣ፤ የልደት ካርዱን ግን እስካሁን ያየ የለም።

በዚህ ነገር ላይ ከሰማኋቸው ሁሉ የምወደው የሁለት የዶርም ልጆች ተረብ ነው። አንዱ የአዲስ አበባ ልጅ፣ ሌላው መብራት አልፎ አልፎ ከሚጎበኘው ቀበሌ የመጣ።

«አንተ፣ ኪቦርዱ ላይ ፊደሉ በተራ አልተደረደረም ብለህ ለፕሮክተሩ አመለከትክ አሉ!»

«አንተ ደግሞ ላፕቶፕ ይዘህ ፎቶ ስትነሣ ኖረህ፣ መከፈቱን ያወቅከው ዘንድሮ ነው አሉ!»

«እናንተ አገር መብራት በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል?»

«እናንተ ሠፈር የሚሄደውን ያህል።»

«ለመሆኑ ፎልደር ምን እንደሆነ ታውቃለህ?»

«እኛ ቤት ጤፉ ለብቻ ጎተራ፣ ማሽላው ለብቻ ጎተራ፣ ለዘር የተቀመጠው ደግሞ ማንም በማይነካው ነው። አንተ ሁሉንም ዴስክቶፕ ላይ ዘርግፈህ ዶሮ እየበላብህ ነው!»

ያ ልጅ የኮምፒውተር ሀሁ ግማሹን ከቤቱ ይዞ መጥቷል። የቀረው የጣት ሥራ ነው። የጣት ሥራ ደግሞ የሚለመደው በጣት ነው፤ ለጣት ደግሞ ላቡ መከፈት አለበት።

«ላቡ ለምን ተቆለፈ?»

«ተማሪ ከነካው ይበላሻላ!»

«እንግዲያው ቤተ መጻሕፍቱንም ቆልፉት፤ ፊደሉ በዓይን ብዛት እንዳይደመሰስ።»

ከርክክቡ ቀን ጀምሮ ላስቲኩ ያልተላጠ ሞኒተር ያየ እጁን ያውጣ። ንብረት ክፍል አንድ ነገር ያውቃል፦ ያልተነካ ዕቃ አይጎድልም። በመዝገብ ሙሉ፣ በሥራ ዜሮ። ላቡ የሚከፈትበት ቀን ደርሶ መብራትም አብሮ ከመጣ ደግሞ አንድ ወንበር ለሦስት ነው፤ አንዱ ኪቦርዱን ይይዛል፣ ሁለቱ ትከሻው ላይ ይንጠለጠላሉ።

«ሦስታችሁም ሠርታችኋል?»

«እሱ ሠራ፣ እሷ አየች፣ እኔ ጸለይኩ።»

ውጤቱ ለሦስቱም እኩል ነው፤ ጸሎትም ሥራ ነው መሰለኝ።

ሥራው ካለቀ በኋላ ፍላሽ ይሰካል። ፍላሽ ዶርም ለዶርም ስትዞር የዋለች ናትና ይዛ የማትመጣው የለም። ልጁ ይከፍታታል፤ ፎልደሮቹ ሁሉ ወደ ሾርትከት ተለውጠዋል። «ጠፋ! ሁሉም ጠፋ!» ይላል፤ ያለቅሳል። በግቢው «ሶፍትዌር የሚችል» የተባለ ልጅ ይጠራና ገንዘብ ተቀብሎ፣ አንድ መስመር ትእዛዝ ጽፎ፣ ሁሉንም ይመልስለታል። ተአምር አይደለም። ቫይረሱ ፋይሉን አላጠፋውም፤ ደብቆት በቦታው የራሱን ማስጀመሪያ አስቀምጧል። የተደበቀ ፋይል የሚባል ነገር መኖሩን የሚያውቅ ሰው አይከፍልም፣ አያለቅስም። ይህንን ለማስተማር የአንድ ቀን ላብ ይበቃል። ሳይበር ደኅንነት ግን ሰባተኛው ምዕራፍ ላይ አለ፤ ተፈትኖበታል፤ አልፏል።

«ታዲያ ኮምፒውተር ሳይነኩ መመረቅ ከተቻለ ምን ቸገረህ?» የሚል ተከራካሪ ይመጣል።

ድሮ ይቻል ነበር ወንድሜ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ግን የመውጫ ፈተና የሚባል አለ፤ ፈተናው የሚሰጠው ደግሞ በኮምፒውተር ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍሉም ከ2016 ዓ.ም. አንሥቶ በከፊል በኦንላይን ሆኗል። ልጁ ሕግ ተምሮ፣ ታሪክ ተምሮ፣ ነርሲንግ ተምሮ መጨረሻው ላይ ማውስ ፊት ይቀመጣል። ሰዓቱ ስክሪኑ ጥግ ላይ ወደ ኋላ ይቆጥራል። እሱ ቀስቷን ፍለጋ ላይ ነው።

«ፈተናው እንዴት ነበር?»

«ጥያቄው ቀላል ነው፤ ቀስቷ ናት የከበደችኝ።»

አሁን ወደ እውነተኛው የኮምፒውተር ፋኩልቲ እንሂድ። ከግቢው በር ውጭ ነው፤ ከፎቶ ኮፒው ማሽን ጀርባ። ስድስት ኪሎ ሂዱ፣ ጎንደር ሂዱ፣ ጅማ ሂዱ፣ ከዩኒቨርሲቲው በር ፊት ለፊት «ታይፕ፣ ፕሪንት፣ ስካን፣ ጥረዛ» የሚል ሰሌዳ አታጡም። ውስጥ አንዲት ልጅ ተቀምጣለች። ማንም ፕሮፌሰር ብሎ አልጠራትም፤ ግን በዚያ ግቢ ስንት የማስተርስ ጥናት በጣቷ አልፏል መሰላችሁ! የገጽ ቁጥሩ ከመግቢያው በሮማን ቁጥር፣ ከምዕራፍ አንድ በተራ ቁጥር እንዲጀምር የምታደርገው እሷ ናት። ተመራቂው ይህንን ያየው እንደ ምትሃት ነው።

«እቱዬ፣ ማጣቀሻውንም አንቺው አስተካክይልኝ።»

«ጥናቱ የማን ነው?»

«የእኔ።»

«እንግዲያው የእኔንም ስም ጨምርበት።»

«ከአማካሪዬ በላይ ልጽፍሽ?»

«እሳቸውማ አንዴም አላነበቡትም። እኔ ሁለቴ ታይፕ አድርጌዋለሁ።»

ተመራቂው የጻፈውን ፋይል እኔም አይቼዋለሁ፤ ብታዩት ታዝኑለታላችሁ። ርእሱን መሀል ለማድረስ ስፔስ ባሩን ደብድቦታል። አዲስ ገጽ ለመጀመር ኢንተርን እስኪደክመው ተጭኗል። ማውጫውን በእጁ ነው የሠራው፤ «ምዕራፍ ሁለት» ብሎ ነጥብ፣ ነጥብ፣ ነጥብ፣ ነጥብ እየተጫነ እስከ «23» ድረስ በነጥብ ተጉዟል። አማካሪው «አንድ አንቀጽ ጨምር» ሲሉት የገጽ ቁጥሩ ሁሉ ይንሸራተትና ያ ሁሉ ነጥብ እንደገና ይለቀማል። ርእሶቹን «ሄዲንግ» ብሎ ቢሰይማቸው ኖሮ ዎርድ ማውጫውን ራሱ ይሠራለት፣ ገጹም ሲለወጥ በአንድ ትእዛዝ ያድስለት ነበር። ይህንን የሚነግረው ሰው ያገኘው ለጥረዛ ሲመጣ ነው። የነገረችውም በነፃ አይደለም፤ በገጽ ተተምኖ ነው። ደግ አደረገች! ዩኒቨርሲቲው ያላስተማረውን ያስተማረ ደሞዙን ይቀበል።

«ይህ የጸሐፊ ሥራ ነው፤ ምሁር በዚህ ጊዜውን አያጠፋም» ያሉኝ አንድ ዶክተር አሉ። እሳቸው ኤክሴል ከፍተው፣ የተማሪዎቻቸውን ውጤት ሞልተው፣ ከዚያ ካልኩሌተር አውጥተው የሚደምሩ ናቸው። ድምሩን እንደገና ኤክሴሉ ላይ ይጽፉታል። ሠንጠረዡ ቢናገር ኖሮ «ጋሼ፣ እኔ ለምን ተቀጠርኩ?» ይላቸው ነበር።

«ዶክተር፣ በ2020 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ጤና ባለሥልጣናት ወደ 16,000 የሚጠጉ የኮቪድ ታማሚዎችን ሪፖርት እንዴት እንዳዘገዩ ያውቃሉ?»

«በቫይረሱ ጠባይ?»

«በኤክሴል። አሮጌው የፋይል ዓይነት ከ65,536 መስመር በላይ አይዝም፤ የተረፈው ሳይገባ ቀረ። የጸሐፊ ሥራ ነው ያሉትን ነው ያጡት።»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ኤክሴል የኢትዮጵያን አቆጣጠር አያውቅም፣ እኛም አለማወቁን ለተማሪው አልነገርነውም። የቢሮ ኮምፒውተሮቻችን ብዙዎቹ እንደተገዙ በአሜሪካ ልማድ እንደተዋቀሩ ናቸው፤ ወር ይቀድማል፣ ቀን ይከተላል። ተማሪያችን በቅንነት መስከረም 5 ለማለት 5/1/2017 ብሎ ይጽፋል። ኤክሴል «እሺ፣ ሜይ 1» ብሎ ይመዘግባል፤ አይጠይቅም፣ አይጠራጠርም። ጥቅምት 30 ለማለት 30/2/2016 ሲል ደግሞ ኤክሴል ሠላሳ የሚባል ወር አያውቅም፣ የፈረንጁ ሁለተኛ ወርም ሠላሳ ቀን የለው፤ ቀን መሆኑን ትቶ እንደ ተራ ጽሑፍ ወደ ግራ ያስጠጋዋል። የጉዱ ጉድ ጳጉሜን ናት። ጳጉሜን 3ን 3/13/2016 ብላችሁ ጻፏት፤ ያለ አንዳች ሐፍረት ማርች 13 አድርጎ ይቀበላችኋል። አሥራ ሦስት ወር ፀሐይ ብለን ለቱሪስት የሸጥነውን ወር ኤክሴል በአንዲት ኢንተር ጥሎት አደረ። ከዚያ ዓምዱ በቀን ቅደም ተከተል ይደርደር ሲባል ግማሹ ወደ ላይ ግማሹ ወደ ታች ይሄዳል፤ «ሲስተሙ ተበላሽቷል» ይባላል።

የስልክ ቁጥሩም ያው ነው። በዜሮ ይጀምራል፤ ኤክሴል ፊት ያለች ዜሮ ዋጋ የላትም ብሎ ይጥላታል። የባንክ ሂሳብ ቁጥር ሲጻፍ ደግሞ አሥራ ሦስቱ አኃዝ ተጨማደው «አንድ ነጥብ ምናምን ኢ ፕላስ 12» ይሆናሉ።

«ደሞዜ ለምን አልገባም?»

«የሂሳብ ቁጥርህ ኢ ፕላስ ነው የሚለው።»

«ኢ ፕላስ የት ቅርንጫፍ ነው?»

መድኃኒቱ ቁጥሩን ከመጻፍ በፊት ዓምዱን «ቴክስት» ነው ብሎ መንገር ነው። አለቀ። አካውንቲንግ ተመርቆ ይህንን ያልሰማ ልጅ ካገኛችሁ ልጁን አትቆጡት፤ ዳታ ሳይንስ ላይ ስንት እንዳመጣ ጠይቁት።

የአማርኛውስ ነገር? ደብዳቤ በፍላሽ ይሄዳል፣ በሌላ ቢሮ ይከፈታል፣ ፊደሉ የዛር ቋንቋ ሆኖ ይወጣል፤ የእንግሊዝኛ ሆሄና ምልክት ተተራምሶ። «ቫይረስ ነው!» ይባላል። አሮጌው የፓወር ግዕዝ ወይም የቪዥዋል ግዕዝ ፊደል ነው እንጂ ቫይረስ አይደለም፤ እነዚያ ግዕዙን በላቲኑ ሆሄያት ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት፣ ፎንቱ በሌለበት ማሽን ላቲኑ ብቅ ይላል። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የራሱን ቦታ ያገኘው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ ስልኩ ላይ በአማርኛ ፍቅሩን የሚገልጽ ልጅ ዩኒኮድ እየተጠቀመ ነው፤ ቢሮ ሲቀጠር ነው ወደ ኋላ የሚመለሰው።

ፍለጋም አለ። «ኃይሉ የሚባል ተማሪ መዝገቡ ላይ የለም» ተብሎ ልጁ ከሬጅስትራር ይመለሳል። አለ። ጸሐፊዋ በ«ሀ» ፈልጋ ነው፤ መዝጋቢው የጻፈው በ«ኃ» ነው። ለእኛ ጆሮ አንድ ድምፅ ነው፤ ለማሽኑ የማይተዋወቁ ሁለት ቁጥሮች ናቸው። ፀሐይና ጸሐይ፣ ዓለሙና አለሙ እንዲሁ። በዚህች ብቻ ስንት ተማሪ «የለህም» ተብሎ ራሱን እንደተጠራጠረ እግዜር ይወቀው። ይህንን የሚያስተምር የውጭ ሞጁል አይመጣልንም፤ ችግሩ የእኛ ብቻ ነው።

«እኛ ኮዲንግ ላይ ደርሰናል፤ አንተ ገና ስለ ፎልደር ታወራለህ» አለኝ ሌላው። የ5 ሚሊዮን ኮደሮችን መርሐ ግብር ማለቱ ነው፤ ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው፣ በነፃ የሚሰጠው። ነገሩ ጥሩ ነው፤ ነፃ ትምህርት አልሰድብም።

«አንተስ ወስደሃል?»

«ሰርተፍኬት ሁሉ አለኝ!»

«እስቲ አሳየኝ።»

«ዳውንሎድ አድርጌዋለሁ።»

«የት ገባ?»

«እሱን ብታገኝልኝ እኮ ቡና እጋብዝህ ነበር።»

ቡናውን ጠጣሁ። «ዳውንሎድስ» የሚል ፎልደር ውስጥ ነበር፤ ሦስት ጊዜ ወርዶ።

ከሁሉም የምትጣፍጠዋ ግን የመጨረሻዋ መከራከሪያ ናት፦ «ከእንግዲህ መማር ምን ያደርጋል? ቻትጂፒቲ ይሠራው የለ!» ይሠራዋል። ሠርቶትም አይተናል። ልጁ ያስገባው አሳይንመንት መጨረሻ ላይ «ተጨማሪ ማብራሪያ ከፈለጉ በደስታ እረዳዎታለሁ» የሚል አለበት። መምህሩም አይተኙ፣ ከሥሩ በቀይ «አዎ፣ እፈልጋለሁ፤ ነገ ቢሮ ና» ብለው መለሱለት። ልጁ ግን አንድ ነገር አስመስክሯል፦ ኮፒ እና ፔስት ይችላል። የቀረችው መሀል ላይ ያለችው ሥራ ናት፤ ማንበብ።

«እሺ፣ ምን ይደረግ ነው የምትለው?» አሉኝ ትልቁ ሰው በስተመጨረሻ፣ ሳቃቸው ትንሽ ሲበርድ።

«ኢመርጂንጉ ከመጀመሩ በፊት አንድ ወር ላቡን ይክፈቱልን። በአሥር ጣት መጻፍ፣ ፋይል ማስቀመጥና ማግኘት፣ አማርኛ በዩኒኮድ፣ ኤክሴል ከነጳጉሜኑ፣ ኢሜይል ከነአባሪው። ፈተናውም አንድ ነው፦ ዛሬ የጻፍከውን ከሳምንት በኋላ ከሌላ ማሽን ላይ አምጣ።»

«በጀት ይጠይቃል።»

«ፎልደር መፍጠር በነፃ ነው ጋሼ።»

«ኮሚቴ ይጠይቃል።»

«እሱስ በነፃ አይሆንም፤ አበል አለው።»

ደግነቱ ቂም አልያዙም። ኮሚቴው ቀድሞ መቋቋሙን፣ የተማሪዎችን ዲጂታል ክህሎት ለማሳደግ ረቂቅ ሰነድ መዘጋጀቱን፣ እኔም አስተያየት እንድሰጥበት ነገሩኝ። ደስ አለኝ፤ ይላኩልኝ አልኩ። ላኩልኝ። በቴሌግራም፣ በፎቶ። የታተመውን ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው በስልክ አንሥተውታል፤ ገጾቹ ቅደም ተከተል የላቸውም፣ አንዱ ተዘቅዝቋል፣ ገጽ 7 ላይ ያለው የድርጊት መርሐ ግብር ግማሹ በአንድ ሰው አውራ ጣት ተሸፍኗል።

ደወልኩላቸው። «ጋሼ፣ ሶፍት ኮፒው የለም እንዴ?»

«አለ። የት እንዳስቀመጠችው የምታውቀው ጸሐፊዋ ናት፤ እሷ ደግሞ ፈቃድ ላይ ናት።»

«እና ጣቱን የሚያነሣልኝ አይኖርም?»

«ወደ ላይ ውጣ፤ ያለ ጣት የተነሣውም ተልኳል» አሉኝ።

«እስከ የት ልውጣ?»

«እስከ ኅዳር።»